ስሙን ቄስ ይጥራው

መቼም እኛ ክፉን ነገር በስሙ መጥራት አይሆንልንም። ሰይጣንን ‹‹ስሙን ቄስ ይጥራው›› ብለን እናልፈዋለን። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የሀገሪቱን ከብት ያነጠፈውና ሕዝቡን ለ‹‹ክፉ ቀን›› ረሃብ የዳረገው ወረርሽኝ ስሙ ማን ይባላል? ‹‹ደስታ››! በሬው በበረቱ ደጃፍ ሲወድቅ፣ ላሟ ከነጥጃዋ ስትዘረጋ ያየ ገበሬ ምን የሚያስደስት ነገር አግኝቶ ይሆን ደስታ ያለው? ነገሩ ሌላ ነው። ክፉውን በደግ ስም ሸንግለው ሊመልሱት ነው። ሽንገላው ግን አልመለሰውም። ደስታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ያጠፋውም ክትባትና ላቦራቶሪ ነው። ሰበታ በሄድኩ ቁጥር የእንስሳት ጤና ምርመራ ተቋሙን አይቼ ይህን ሳላስብ አላልፍም።

የሰውን በሽታ በተመለከተም ያው ነን። ‹‹ነቀርሳ›› የሚለውን ቃል እስቲ ተመልከቱት። ለሳንባ ነቀርሳም እንለዋለን፤ ለካንሰርም እንለዋለን። አንደኛው በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በስድስት ወር መድኃኒትም ይድናል። ሁለተኛው በትንፋሽም በመነካካትም አይተላለፍም። ስማቸው አንድ በመሆኑ ግን የአንደኛው ፍርሃት ወደ ሁለተኛው ዞሯል። የካንሰር ሕመምተኛ ሲኒ ለብቻ የሚቀመጥበት ቤት አውቃለሁ። ስሙንም በሙሉ አፉ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው። ‹‹ያ በሽታ››፣ ‹‹ክፉው በሽታ››፣ ‹‹የማይነሣው›› ይባላል። ሲብስ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይባልም።

እኔ ቡራዩ የምኖር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሱሉልታ ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሰበታ አግብታ ትኖራለች። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም ለእኛ ቤተሰብ አሁንም የተለያዩ በሮች ናቸው፤ የጎጃም በር፣ የወለጋ በርና የጅማ በር። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ አዲስ አበባን መሰንጠቅ ግድ ስለሆነ የምንገናኘው በዓመት በዓል፣ በለቅሶና በሠርግ ነው።

አክስቴን ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላቸው። በሱሉልታ ገበያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቅቤ ሸጠዋል። ሱሉልታን የሚያውቅ ያንን ሜዳ፣ ያንን ሣር፣ ያንን ብርድ ያውቃል፤ ቅቤውም የዚያ ሣር ልጅ ነው። እቴቴ የቅቤያቸውን ለጋነት በስማቸው ያስያዙ ሴት ናቸው። ደንበኞቻቸው ከሽሮ ሜዳና ከአዲሱ ገበያ ድረስ ይመጡላቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ዕለት ልጃቸው ከሰበታ መጥታ ስታቅፋቸው እቴቴ ሸሽተው ወደ ኋላ አሉ። እናት ልጇን የምትሸሸው ምን ሆና ነው? ልጅ ነገሩ ገባት። ጓዳ ይዛቸው ገብታ ስትወጣ ፊቷ ዐመድ መስሎ ነበር። ግራ ጡታቸው ላይ ያለው እብጠት ቆዳውን ወደ ውስጥ ስቦት ነበር። ከጀመራቸው አሥራ አራት ወር ሆኖታል። መጀመሪያ ‹‹ቡግንጅ ነው››፣ ቀጥሎ ‹‹ምች ነው››፣ ከዚያ ‹‹ብርድ ነው›› እያሉ ለራሳቸው ስም ሲያወጡለት ከርመዋል። ዳማከሴ ጨምቀውበታል፤ ቅቤ ቀብተውታል፤ ጸበልም ወስደውታል። በነገራችን ላይ ‹‹ልጆችሽ ሐኪም ቤት ይውሰዱሽ›› ብለው አስቀድመው የመከሯቸው ጸበል ያጠምቋቸው የነበሩት አባት ናቸው።

‹‹እቴቴ፣ ለምን አልነገሩንም?›› አልኳቸው።

‹‹ለማን ልንገር ልጄ? ለወንድ ልጅ ጡቴን አመመኝ ይባላል?››

‹‹ለልጅዎስ?››

‹‹እሷ ብትሰማ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ጎረቤት ይሰማል። ጎረቤት ከሰማ ገበያው ይሰማል። ያ በሽታ ያለባትን ሴት ቅቤ ማን ይገዛል?››

እኛ የተማርን ነን ባዮች እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥመን ‹‹የግንዛቤ እጥረት›› የምትል ምቹ ቃል አለችን። እቴቴ ዘንድ ግን የግንዛቤ እጥረት አልነበረም። እብጠቱ ቡግንጅ እንዳልሆነ ከማንም በፊት ያወቁት እሳቸው ናቸው። የነበረው ሒሳብ ነው። የመናገርን ዋጋና የዝምታን ዋጋ በገበያ ሚዛን መዘኑት፤ ዝምታው ቀሎ ታያቸው። እንዲህ ያለውን ሒሳብ በፖስተር ማፍረስ አይቻልም።

ናሙና በመርፌ ተወሰደ፤ ውጤቱ መጣ። ቀዶ ሕክምናው በሰኔ ተደረገ። በብብት ያሉት ዕጢዎችም ተነክተው ስለነበር ከዚያ በኋላ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ተከተለ። እቴቴ ለሕክምናው እንዲመቻቸው ቡራዩ እኔ ቤት አረፉ።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ዜና በሬድዮ የተነገረው። የዚያን ዓመት የሕክምናው ሽልማት ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን ለተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተሰጠ፤ ምክንያቱም ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. የተባለውን ነገር በማግኘታቸው ነው። በማግሥቱ ክፍል ስገባ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና ‹‹መምህር፣ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ምንድን ነው?›› አለኝ። የመለስኩለትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ሕዋስን እንደ አንድ መሥሪያ ቤት አስቡት። መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት አለው፤ እሱም ኒውክለስ ነው። በመዝገብ ቤቱ የተቀመጠው ዋና ሰነድ ዲ.ኤን.ኤ. ነው። ዋናው ሰነድ ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ አንድ ሥራ ሲታዘዝ የሚወጣው ግልባጩ ነው። ግልባጩ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ይባላል። ወደ ሥራ ክፍሉ ወርዶ ይነበብና በተጻፈው መሠረት ፕሮቲን ይሠራል። እኔ ተማሪ ሳለሁ የተማርኩት እዚህ ላይ ያበቃል።

ነገር ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለመደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደብዳቤ ወጣ ማለት ሥራው ተሠራ ማለት አይደለም። በመንገድ ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትለጠፍበትና ‹‹ይቆይ›› ትላለች። ደብዳቤው ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ ማኅተሙ ሁሉ ተሟልቶለት ሳለ ሳይፈጸም ይቀራል። ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ማለት ያቺ ቁራጭ ወረቀት ናት። ርዝመቷ 22 ፊደል ያህል ብቻ ነው። ግልባጩ በሺህ በሚቆጠሩ ፊደላት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ከራሷ ጫፍ ከ6 እስከ 8 የሚሆኑ ፊደላት ከግልባጩ ጅራት ፊደላት ጋር ሲገጥሙላት ትለጠፋለች። የተለጠፈችበት ግልባጭ ወይ ሳይነበብ ይቀራል፣ ወይ ተቀዶ ይጣላል።

ይህ የተገኘው ከአንዲት ትል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል፣ ሰውነቷ ወለል ብሎ የሚያሳይ የአፈር ትል። ሁለቱ ሰዎች ዕድገታቸው የተዛባ ትሎችን ያጠኑ ነበር። አንደኛዋ ትል ከጨቅላነት አልወጣ ብላ የሕፃንነቷን ሥራ እየደጋገመች ትኖራለች፤ ዕድሜዋ ይገፋል፣ ሰውነቷ ግን ያንን አያውቅም። ለዚህ ተጠያቂ የሆነውን ጂን አምብሮስ ፈልጎ ሲያገኘው ፕሮቲን የማይሠራ፣ ባለ 22 ፊደል እንክብካቢ ሆኖ ተገኘ። ረቭከን ደግሞ በበኩሉ በዚህ ጂን የሚታዘዘውን የሌላውን ጂን መልእክት ይመረምር ነበር። ሁለቱ ፊደሎቻቸውን ተለዋውጠው ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ቁልፍና ጓጉንቸር ሆነው ገጠሙ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ መጽሔት፣ በአንድ እትም ሁለት ጽሑፍ አወጡ። ሰሚ ግን አላገኙም። ‹‹የትል ነገር ነው›› ተባለ። ሰባት ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የረቭከን ላቦራቶሪ ሁለተኛውን አገኘ፤ ይኸኛው ከትል አልፎ በዝንብም በዓሣም በሰውም አካል ውስጥ ያለ ሆነ። ዛሬ በሰው አካል ከአንድ ሺህ በላይ እንዳሉ ይታወቃል።

ካንሰር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆርጅ ካሊንና ካርሎ ክሮቼ የተባሉ ተመራማሪዎች በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የሚታይ አንድ የደም ካንሰር ዓይነት ሲያጠኑ በብዙዎቹ ሕመምተኞች ከ13ኛው ክሮሞዞም ላይ አንድ ቁራሽ ተቆርጦ መጥፋቱ ለዓመታት የታወቀ እንቆቅልሽ ነበር። በዚያ ቁራሽ ላይ የነበረው ጂን የቱ ነው ተብሎ ብዙ ተፈልጓል። እነሱ ያገኙት ሁለት ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.ዎችን ነው። ከመቶ 68 ያህሉ ሕመምተኞች ዘንድ እነዚህ ሁለቱ ወይ ጠፍተዋል ወይ ቀንሰዋል። ሥራቸው ምን እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2005 ታወቀ፤ ሕዋስ ጊዜው ሲደርስ እንዳይሞት የሚከለክለውን ፕሮቲን ‹‹ይቆይ›› የሚሉት እነሱ ነበሩ። ዝም አሰኚዎቹ ሲጠፉ ያ ፕሮቲን ያለ ልክ ተሠራ፤ መሞት የነበረበት ሕዋስም አልሞት አለ።

ታዲያ ዝም ማሰኘት ደግ ነው ማለት ነው? አይቸኩሉ። የጡትን ካንሰር ጨምሮ በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ከልክ በላይ በዝቶ የሚገኝ ሌላ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. አለ፤ 21 ቁጥር ይባላል። እሱ ደግሞ ዝም የሚያሰኘው ዘበኞቹን ነው፤ የሕዋስን መባዛት የሚገቱትን ፕሮቲኖች። መሣሪያው ያው ነው፤ ባለ 22 ፊደል ቁራጭ ወረቀት። አንደኛዋ ወንጀለኛውን ዝም ታሰኛለች፤ ሌላዋ ‹‹ሌባ!›› ብሎ የሚጮኸውን። እንግዲህ በሕዋስ ውስጥ ዝምታ በራሱ ደግም ክፉም አይደለም። ቁም ነገሩ ማን ዝም አለ የሚለው ነው።

ይህን ሁሉ ለእቴቴ በአንድ ምሽት ነገርኳቸው ብል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከበድ ያላቸው ቀን፣ ጠጉራቸው መርገፍ ሲጀምር ጠየቁኝ፤ ‹‹ለመሆኑ ይኼ ነገር ምንድን ነው? የሰው ዓይን ነው? ወይስ እግዜር ተቆጥቶኝ ነው?››

‹‹የሰው ዓይን አይደለም እቴቴ። ሰውነታችን ውስጥ ሥራ ሲበቃ ‹በቃ› የሚሉ አሉ። ሰውነት ራሱን ሲገለብጥ ፊደል ይሳሳታል። ስሕተቱ ‹በቃ› ባዩን ሲያጠፋው ሕዋሱ ዝም ብሎ ይባዛል።››

ጥቂት አሰቡና፣ ‹‹እንደ ሱሉልታ ነዋ!›› አሉኝ። ‹‹የከብት ግጦሹ ሁሉ ቤት ሆኖ አለቀ፤ በቃ የሚል የለም።›› ሳቅን። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ‹‹እንግዲያስ ማንም አልመገመኝም ማለት ነው›› አሉ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ከእብጠቱ ጋር ሌላ ሸክም ተሸክመው ኖረዋል። ማን ይሆን ዓይኑን የጣለብኝ፣ ምን በድዬ ይሆን የሚል። ሳይንስ ለእቴቴ ያደረገላቸው የመጀመሪያው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ጎረቤቶቻቸውን መለሰላቸው።

በማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ስለ መዳንስ? እዚህ ላይ አንባቢን በባዶ ተስፋ መሸንገል አልፈልግም፤ ያ ራሱ በሽታን ‹‹ደስታ›› እንደማለት ይሆናል። ነገሩ ተሞክሯል። ፒ 53 የተባለው የሕዋስ ዋና ዘበኛ የሚያዝዘው 34 ቁጥር የተባለ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. አለ። በብዙ ካንሰሮች ስለሚቀንስ፣ አስመስሎ ሠርቶ ለሕመምተኞች የመስጠት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀመረ። የጉበት ካንሰር ያለባቸውን ጨምሮ ለተለያዩ ሕሙማን ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን በተሳታፊዎቹ ላይ ከባድ የበሽታ መከላከያ ቀውስ በማስከተሉ ሙከራው ተቋረጠ። ምክንያቱም ለማስተዋል አይከብድም። አንዲት ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. የምትለጠፈው በአንድ ግልባጭ ላይ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ግልባጮች ላይ ነው። አንዱን በሽተኛ ግልባጭ ዝም ለማሰኘት የተላከችው ሌላ ስንቱን ጤነኛ ዝም ታሰኘዋለች። እስከ ዛሬ ለካንሰር ሕክምና የተፈቀደ የማይክሮ አር.ኤን.ኤ. መድኃኒት የለም። ከሕመምተኛ ደም ውስጥ እየለቀሙ ካንሰርን አስቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው ምርምር ግን፣ ከዕጢ የወጡ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ.ዎች በደም ውስጥ ሳይበላሹ እንደሚገኙ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተረጋገጠ ወዲህ ቀጥሏል።

እስከዚያው ያለን መሣሪያ አሮጌው ነው፤ ጊዜ። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር እናስታውስ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በሴቶች ዘንድ ቀዳሚዎቹ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር መሆናቸው በቁጥር ታይቷል፤ የጡቱ ብቻ ሲሶ ገደማ ነው። በሀገራችን አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ መሆኑን የማይናገር ሐኪም የለም። ዝምታ የእቴቴን ካንሰር አልፈጠረውም፤ እሱን የፈጠረው የፊደል ስሕተት ነው። ዝምታ ያደረገለት ነገር ጊዜ መስጠት ነው። ያ አሥራ አራት ወር ከጡት ወደ ብብት የተሻገረበት ወር ነው።

የማኅፀን በሩ ነገር ደግሞ ከዚህም የባሰ ያስቆጫል፤ አስቀድሞ ሊቀር የሚችል ነውና። እሱን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ልኮ ያንኑ ዋና ዘበኛ ፒ 53ን ያስወግደዋል። ዘበኛው ሲወገድ 34 ቁጥርን የሚያዝዛት ይጠፋል፤ እንዲህ እያለ ቤቱ ክፍቱን ያድራል። ክትባቱ በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ግን ‹‹መካን ያደርጋል›› የሚል ወሬ ከክትባቱ ቀድሞ ደረሰ። ስለ ማኅፀን በግልጽ የሚያወራ በጠፋበት ቤት ወሬ ብቻውን ያወራል። ወላጆች መጥተው ጠይቀውኛል። ለልጄ የማስከትበውን ለእናንተ ልጆች አልከለክልም ያልኳቸው ቀን፣ ከማብራሪያዬ ሁሉ ይልቅ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሠርታለች።

ከሕዋስ ተነሥቶ ስለ ሰው መስበክ አደጋ እንዳለው አላጣሁትም። ሕዋስ አያፍርም፤ ሕዋስ ቅቤ አይሸጥም። ጨዋነት የምንለው ነገር፣ ገመናን መሸፈን፣ የሰውን ሕመም በየቡናው አለመዝራት፣ ያሳደገን ዝምታ ነው፤ እሱ ይጥፋ የሚል ካለ እኔ አልተባበረውም። ነገር ግን ከመካከላችን ‹‹ሌባ!›› ብሎ ሊጮኽ የሚገባውን አፍ የሚይዝ ዝምታም አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የባዮሎጂ ትምህርት አይጠይቅም።

እቴቴ በጥር 2017 ዓ.ም. የመጨረሻውን መድኃኒት ጨርሰው ወደ ሱሉልታ ተመለሱ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ወጡ። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል፤ ከሻሻቸው ሥር ጠጉር የለም። ልጃቸው ከሰበታ መጥታ አብራቸው ተቀምጣ ነበርና የሆነውን የሰማሁት ከሷ ነው። አንዲት የቆዩ ደንበኛ ቅቤውን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱና፣ ‹‹ምነው ጠፋሽ? ከሳሽሳ! ምን ሆነሽ ነው?›› አሏቸው። ልጅ ፈጥና ‹‹ብርድ መቷት ነው›› ልትል አፏን ስትከፍት እቴቴ ቀደሟት፤

‹‹ካንሰር ነው። ጡቴን ቆርጠው አወጡልኝ። ቅቤው ግን ደህና ነው።››

ሴትዮዋ ደነገጡ። ጥቂት ቆመው፣ ቅቤውን ሳይገዙ ሄዱ። ሌሎችም የቀሩ ደንበኞች አሉ፤ የእቴቴ ሒሳብ ከመሠረቱ ስሕተት አልነበረም። ገበያው ሊፈታ ሲል ግን ሌላ ሴት መጡ። አንድ ኪሎ አስመዘኑ። ገንዘቡን ከሰጡ በኋላም አልሄዱም። ጎንበስ ብለው በእቴቴ ጆሮ አንድ ነገር ጠየቋቸው። እቴቴም ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ ‹‹አይዞሽ፣ መጀመሪያ በመርፌ ነው የሚያዩት፤ አያምም። ልጄ ትወስድሻለች›› አሏቸው።

ልጃቸው ሴትዮዋን ሰኞ ዕለት ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሌላ አንዲትም መጥታለች። እቴቴ በየሦስት ወሩ ቀጠሮ አላቸው፤ በሽታው ተመልሶ ይምጣ አይምጣ የሚታወቀው በዚያ ነው። ቅቤያቸው ዛሬም ለጋ ነው። ሱሉልታ ያለፈ ሰው ቢገዛቸው ደስ ይለኛል።